«ጋሼ፣ ዛሬስ የቱን ይዘዋል?»

ኪሴ ውስጥ ሰንጢ አለ። እንዲህ ስል ፊታችሁ ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ፊት ላይ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ባደግኩበት ሰፈር ሰንጢ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ዱርዬ፣ ሁለተኛው ዱርዬ ቢሉት ደስ የሚለው። «እገሌ እኮ ሰንጢ ይይዛል» ከተባለ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ወደ ቤት ያስገቡ ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ ከዚያ ስም አልነጻም። ቢላ ሲባል ሽንኩርት ይታሰባል፣ ካራ ሲባል በዓል ይታሰባል፣ ሰንጢ ሲባል ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ደግሞ ፀጉሬ የሸሸ፣ መነጽሬን በክር አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩ፣ የፋሲካን ዶሮ እንኳ ጎረቤት ለምኜ የማሳርድ ሰው ነኝ።

ታዲያ ምን ያደርግልሃል ለሚለኝ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩለት። ጠዋት የመድኃኒት እሽግ አልከፈት አለኝ፤ ከፈትኩ። ከኮቴ እጅጌ ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቆረጥኩ። ረፋድ ላይ አንድ የቢሮ ጓደኛዬ በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፎ በጥርሱ ሲታገል ደረስኩለት። ምሳ ላይ ብርቱካን ላጥኩ። ከሰዓት እርሳስ ቀረጽኩ፣ ማታ የልጄን የቻርጀር ገመድ ላጥኩና ቀጠልኩ። ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው። የገንዘብ ቦርሳዬን በዚያ ቀን ያወጣሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ደመወዝ የገባ ሰሞን ስለነበር።

የሚገርመኝ የሚያሾፉብኝና የሚዋሱኝ ሰዎች እነዚያው መሆናቸው ነው። ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «አንተ፣ እስቲ ያቺን ነገርህን…» ይሉኛል፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ ወርውረው። ተጠቅመው ሲጨርሱም ወንጀል እንደተባበሩ ሰዎች ነው ቶሎ የሚመልሱልኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ ሰባት አሉኝ። ለእያንዳንዷ ምክንያት አለኝ፤ ባለቤቴ ግን ምክንያቱን ትታ ሰባቱን ነው የምትቆጥረው። «እዚህ ቤት ሽንኩርት የሚከትፍ አንድ ስል ቢላ የለም፤ አንተ ግን ሰባት ደርድረሃል» ትላለች። እውነቷን ነው። የወጥ ቤታችን ቢላ ከቲማቲም ጋር ከመጋጠም እርቅ ይመርጣል።

ከሰባቱ አንዷን መርጦ የዘወትር ማድረግ ነው እንግዲህ ጭንቁ። ሌላ አገር የሰንጢ ወዳጆች ሲገናኙ ስለ ብረቱ ዓይነት፣ ስለ እጀታው እንጨት፣ ስለ ክብደቱ በግራም ነው የሚከራከሩት አሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ሰንጢ ከምንም በፊት አንድ ፈተና አለባት፤ በር። ባንክ ልትገባ ትፈተሻለህ፣ ሆቴል ልትገባ ትፈተሻለህ፣ ሲኒማ ልትገባ ትፈተሻለህ፤ የዘመድ ሠርግ አዳራሽ ላይ እንኳ እጅህን ወደ ላይ አንሥተህ ነው እልል የሚባልልህ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሰንጢ የሚይዝ ሰው ሰንጢውን የሚመርጠው ለራሱ እጅ ብቻ አይደለም። ለጥበቃውም ዓይን ነው።

የእኔን ሰንጢዎች የመረመሩልኝ ጥበቃ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ናቸው። እዚያ ለአንድ ጉዳይ መመላለስ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል። ጉዳዩ ትንሽ ነው። ፋይሉ ግን፣ እንደሚሉኝ፣ «አልጠፋም፤ ገና አልተገኘም።» ጥበቃው የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ዝናብ ይመጣል ብለው እንደሚጠብቁ ሰው ዝቅ አድርገው የሚደፉ። እሳቸው እኔን ጋሼ ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ማን ማንን እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ሁለታችንም ማጣራቱን የምንፈልገው አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ቀን የያዝኳት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝን ነበር። ጥቁር ናት፣ ኪስ ጠርዝ ላይ የምትንጠለጠልበት መቆንጠጫ አላት፣ ስለቷ ላይ ክብ ቀዳዳ አላት፤ በዚያ ቀዳዳ አውራ ጣትን አስገብቶ ገፋ ሲያደርጓት በአንድ እጅ «ጠሽ» ብላ ትከፈታለች። ይህን ቀዳዳና ያንን መቆንጠጫ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ ላይ ያወጣው ኮሎራዶ ያለው ስፓይደርኮ የሚባል ድርጅት ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፤ አንድ እጁ መሰላል የያዘ ሰው በሌላኛው ገመድ ይቆርጥበታል። ችግሩ «ጠሽ» የሚለው ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ብርቱካን ልልጥ ብዬ ከፈትኳት። ረዳቱ ሳልጠይቀው መልሴን ሰጠኝ፤ ገና ሒሳብ አልከፈልኩም ነበር።

ጥበቃው የመፈተሻ መሣሪያቸው ኪሴ ላይ ሲጮህ «ምንድን ነው ጋሼ?» አሉኝ። አወጣኋት። አዩኝ፤ መነጽሬን አዩ፤ ሰንጢዋን አዩ። «የልጅዎ ናት?» አሉኝ። አዎ ብል ልጄን አሳማሁ፣ አይ ብል ራሴን። «የእኔ ናት» አልኩ። ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ አስገቧትና ቁጥር ሰጡኝ፤ ቁጥር 4። ከሁለት ሰዓት በኋላ «ማክሰኞ ይመለሱ» ተብዬ ስወጣ መልሰው ሰጡኝ። «ይቺስ ለጠብ ናት» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ዳኝነት ነበር። ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ዳኝነቱ ልክ ነው። ያቺ ሰንጢ ኪሴ የገባችው እኔን ለማገልገል ሳይሆን እኔን ሌላ ሰው ለማስመሰል ነው።

ማክሰኞ ቀዩዋን ያዝኩ። የስዊሷን። ይቺንማ ማንም አይፈራትም፤ መስቀሏን ያየ ሁሉ ፈገግ ይላል። ጥበቃው ግን አንድ በአንድ እየገለጡ ቆጠሩ፤ ትልቅ ስለት፣ ትንሽ ስለት፣ ጣሳ መክፈቻ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ወስፌ፣ የወይን ቡሽ መንቀያ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ። ወረንጦው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «እኛ አገር ይሄን ሰው አንገቱ ላይ ነው የሚያንጠለጥለው፤ ለእሾህ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው መልሶ ጨለመ። «ይቺ የስንቱን ሥራ ይዛለች፤ የአንዱንም አትጨርስም።»

እኔም የተማረ ሰው አመል አለብኝና ታሪኳን ነገርኳቸው። ካርል ኤልሰነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በምትባል የስዊስ መንደር የቢላ ሥራ ከፈተ፤ የአገሩ ጦር ለወታደሮቹ ሰንጢ ሲያዝ የመጀመሪያዎቹ ጀርመን አገር ዞሊንገን ተሠርተው መምጣታቸው ስላንገበገበው በ1891 የራሱን ሠርቶ አስረከበ። የወታደሩ ሰንጢ ሥራዋ ሁለት ነበር፤ ጣሳ መክፈትና ጠመንጃ መፍታት። ያኔ የነበራቸው ጠመንጃ ያለ መፍቻ አይፈታም ነበር። ቡሽ መንቀያው የመጣው በ1897 ለመኮንኖች በተሠራችው ላይ ነው። ጥበቃው ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙኝ።

«ጠመንጃ ለመፍታት ሰንጢ?» አሉ በመጨረሻ። «ክላሽ በጣት ነው የሚፈታው። ጣሳ ደግሞ በሳንጃ።» ትንሽ አሰቡና፣ «መኮንኑ ግን ቡሽ መንቀያ አገኘ ነው የሚሉኝ? እዚያም እንዲሁ ነው ማለት ነው» አሉና ስቀው አስገቡኝ። የዚያን ቀን ፋይሌ በሌላ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ተነገረኝ።

ስለ ስዊሷ አንድ ነገር ልጨምር። ስቴኪኒዋን አንድ ቁርጥ ቤት ጣልኩት። ጓደኞቼ እየተቀባበሉ ጥርሳቸውን ሲጎረጉሩበት አይቼ ነው የጣልኩት፤ ጠፋኝ ያልኩት ውሸት ነው።

ሦስተኛዋ የምናለሽ ተራ ናት። ከባሌስትራ ስለት የሚቀጠቅጥ አንድ ባለሙያ አውቃለሁ፤ የጭነት መኪና ሞልቶ ተራራ ሲወጣ የኖረ ብረት ስለት ቢሆን ሽንኩርት አይበግረውም ብዬ የምትታጠፍ ሥራልኝ አልኩት። «የምትታጠፍ?» አለኝ፤ አንድ ጤነኛ ሰው ለምን ቢላ እንደሚያጥፍ ሊገባው አልቻለም። ሠራልኝ። ስለቷ ፀጉር ትላጫለች፤ ዋሸሁ ካላችሁ ግራ ክንዴን እዩ። ግን ክብደቷ የመኪናውን አልረሳም። ሱሪዬን በቀኝ በኩል ወደ ታች እየሳበችኝ አንድ ሳምንት ከሄድኩ በኋላ የሰፈራችን ፋርማሲስት «ወገብዎን አመመዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥበቃው ከሁሉ እሷን አድንቀዋል። «ይቺ ቢላ ናት!» ብለው በሁለት እጅ ነው የመለሱልኝ፤ በአንድ እጅ ስለማትነሣ መሰለኝ።

ዋናዋ አራተኛዋ ናት። ፈረንሳይ የሚኖር ጓደኛዬ ነው ያመጣልኝ፤ ኦፒኔል ይሏታል። እጀታዋ እንጨት፣ ስለቷ አንድ፣ አንገቷ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት አለች፤ ቀለበቷን ስታዞራት ስለቱ አይታጠፍም። አለቀ። ሌላ ምንም የለባትም። ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮያ በሚባል የተራራ አገር ለገበሬና ለእረኛ የሠራት ናት። መጠኗ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ የእኔ ቁጥር 8 ናት፣ ስለቷ 8.5 ሳንቲ ሜትር። ቀለበቷ ራሷ በ1955 ነው የተጨመረችው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ እረኞች ጣታቸውን የሚጠብቁት በጥንቃቄና በጸሎት ነበር ማለት ነው።

ስለቷ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ተቀርጿል። እጁ የአካባቢው ከተማ የሴን ዣን ደ ሞሪየን ምልክት ነው፤ የከተማዋ ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስን ሦስት ጣቶች ይዣለሁ ይላል። ይህን ለእናቴ መንገሬ ነው ስህተቱ። እናቴ ስለት እጅ በእጅ አትቀበልም፤ ያጣላል ትላለች፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ነው ከጠረጴዛው የምታነሣው። የዮሐንስን ጣት ስትሰማ ግን ከእጄ ነጠቀችኝና ሦስቴ ተሳለመቻት። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ሄጄ ሰንጢዬን ለብርቱካን ማውጣት አልቻልኩም። «ደግሞ በእሷ ልትልጥ?» ትለኛለች። የእሷን ቤት ብርቱካን በጥፍሬ ነው የምልጠው።

ዘውዱ ደግሞ የሳቮያ መስፍኖች ነው። ይህን ስነግራቸው ጥበቃው «ሳቮያ?» አሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው። ከዚያው ቤት ነው የጣሊያን ነገሥታት የወጡት፤ ጦሩን አድዋ የላከው ኡምቤርቶ የዚያ ዘር ነው፤ ሳቮያ ራሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1860 ለፈረንሳይ ተሰጥታ ነበር። «እና ዘውዱን እዚህ ላይ አሁንም ያትሙታል?» አሉ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ምልክቱን ፋቅ ፋቅ እያደረጉ። አልተፋቀም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦፒኔሏን «ምርኮዋ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። «ጋሼ፣ ዛሬስ የቱን ይዘዋል? ምርኮዋን ነው?»

አዎ፣ ምርኮዋን ነው። ቀስ በቀስ ሌሎቹ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ። ነውር ሳይኖርባት ቀርቶ አይደለም። ብረቷ ካርቦን ነውና ብርቱካን ሲነካት ትጠቁራለች፤ ሎሚ ሲነካትማ ያለቀሰች ነው የምትመስለው። ጥበቃው ይህን አይተው «ሕይወት ያለው ብረት ነው» አሉ፤ ባለቤቴ ይህንኑ አይታ «ዝጓል» አለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቷ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ስለቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሐምሌ ላይ አልከፈት አለችኝ። መፍትሔው የእጀታዋን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ስለቱ በራሱ ብቅ ይላል። የሳቮያ ገበሬዎች እንዲህ ነው የሚከፍቷት። እኔም ስብሰባ ላይ ጠቅ ሳደርጋት ሰብሳቢው ዝም አለና «ሐሳብ አለዎት?» አለኝ። ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሙዝ ነበረኝ።

ለንደን ያለችው እህቴ በቪዲዮ ሳሳያት ጮኸች። እዚያ ኪስ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚቻለው ስለቷ ከ7.62 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠና ተከፍታ የማትቆለፍ ሰንጢ ብቻ ናት። የእኔዋ በርዝመቷም በቀለበቷም ጥፋተኛ ናት። «እንዳትመጣ!» አለችኝ። ለሰንጢዋ ይሁን ለእኔ አላብራራችም። አየር ማረፊያንማ ተዉት፤ አንዲት የቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ታናሽ ሰንጢዬ የጥፍር መሞረጃዋን እንደያዘች እዚያ ቀርታለች። የአሜሪካ የበረራ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ6 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑትን ልፈቅድ ነው ብሎ፣ አስተናጋጆቹ ጭምር ተነሥተውበት በሦስት ወሩ ተወው። እኔ የአስተናጋጆቹ ወገን ነኝ፤ የታክሲ ረዳቱን ፊት አይቻለሁና።

ስለ መሳል ካላነሣሁ ግን ወጉ ጎደሎ ይሆናል። ቢላም ይሳላል፣ ሥዕልም ይሳላል፣ የጨነቀው ሰውም ለታቦት ይሳላል። እኔ ሰንጢ ልሳል ቁጭ ባልኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ጀምሬ ሦስተኛው ላይ ነው የምጨርሰው፣ አውራ ጣቴ በደህና ይመለስ ዘንድ። ውድ የመሳያ ድንጋይ ገዝቻለሁ፤ ዘይት፣ ማዕዘን መለኪያ፣ ቆዳ፣ ሁሉ አለኝ። እናቴ ግን የቡና ሲኒዋን ትገለብጥና ቂጡ ላይ ባለው ባልተቀባው ሻካራ ጠርዝ ላይ ቢላዋን አምስት ጊዜ ወዲያ፣ አምስት ጊዜ ወዲህ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ሲኒውን አቅንታ ቡና ትቀዳበታለች። ቢላው ይቆርጣል። የኔ ድንጋይ ሰንጢዬን እንደዚያ አድርጎልኝ አያውቅም። የሲኒውን ነገር ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት የድንጋዩ ዋጋ ይነሣል።

ባለፈው ሐሙስ መሥሪያ ቤቱ የሄድኩት ከለቅሶ ነበር። ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ለቅሶ ቤት ሰንጢ ይዞ መግባት ነውር መስሎኝ ኪሴን ባዶ አድርጌ። የመፈተሻው መሣሪያ ዞረኝ፤ ዝም አለ። ጥበቃው ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ደግመው አዞሩት።

«ጋሼ፣ ዛሬስ የቱን ይዘዋል?»

«ምንም አልያዝኩም።»

ፊታቸው ወደቀ። ለካ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ብርቱካን ተቀምጦ ኖሯል። አንዱን አንሥተው አገላበጡት፤ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ደረጃው አዩ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ከውስጥ ኪሳቸው፣ ከደንብ ልብሱ ሥር፣ አንዲት ነገር አወጡ። እጀታዋ ቀንድ ነው፤ ከመያዝ ብዛት የጣታቸውን ቅርፅ ይዟል። ስለቷ ከመሳል ብዛት አልቆ እንደ ቄጠማ ቅጠል ቀጥኗል። ድምፅ የላትም። በጥፍራቸው ከፈቷትና ብርቱካኑን ከላይ ጀምረው ዙሪያውን ዞሩት፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እስከ ጉልበታቸው ወረደ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ የእኔን ሲፈትሹ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች።

ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ። ሰንጢዋን ለማየት እጄን ስዘረጋ ግን አልሰጡኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት፣ እኔም ከጠረጴዛው አነሣኋት። ላባ ናት። ማንም ስም አላተመባትም፤ ዘውድ የለ፣ መስቀል የለ። «የስንት ዓመት ናት?» አልኩ። «የአባቴ ናት፤ እሱም የገዛት አሮጌ ነው» አሉ።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኔ ቤት ሰባት አሉኝ። መርጠው የፈለጉትን ይውሰዱ፤ ካሻዎትም ሁለቱን። ይቺን ይስጡኝ።»

ብርቱካናቸውን አኝከው እስኪውጡ ድረስ አልመለሱልኝም። ስለቷን በልጣጩ ጀርባ ጠረጉ፣ አጠፏት፣ ወደ ውስጥ ኪሳቸው መለሷት፤ የመፈተሻውንም መሣሪያ አነሡ።

«ጋሼ» አሉኝ፣ «ይልቅ እጅዎን ከፍ ያድርጉና ይግቡ።»